ቤዙ የት ገባ? አንድ ሸክላ ያስነሳው የ43 መልስ ሙግት

ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈው ጥያቄ አጭር ነበር። ጠያቂው ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ሜታል ቦክስ የተሰኘ አልበም ገዝቷል። በ1979 በቆርቆሮ ውስጥ የወጣውን የመጀመሪያ እትም አይደለም፤ በሁለት ሸክላ የወጣውን ዳግም እትም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙን ለዓመታት በስልኩ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማው ኖሯል። የወደደውም በቤዙ፣ በወፍራሙ የሥር ድምፅ ነው። ሸክላውን አምጥቶ መርፌውን ሲያሳርፍ ግን ቤዝ የለም። ጊታሩ አለ፣ የዘፋኙ ዋይታ አለ፣ ድራሙ ጠሽ ጠሽ ይላል። ከሥር ባዶ ነው። ልመልሰው ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ የቆርቆሮውን ልፈልግ ብሎ በትህትና ይጠይቃል። ሲጨርስ አንድ ነገር ጣል አድርጓል፤ ሸክላ ይሻላል የሚባለው ሰው ራሱን የሚሸነግልበት ወሬ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

ያቺ የመጨረሻዋ ባትኖር ጉዳዩ በአምስት መልስ ባለቀ ነበር። 43 የደረሰው በእሷ ነው።

የጻፉትን ሰዎች በስም ከመጥራት በመጀመሪያ መልሳቸው ቁጥር ብጠራቸው ይቀላል። ባለ 3፣ ባለ 14 እያልኩ እሄዳለሁ።

መልስ 1 እንኳን ደስ ያለህ የሚል ብቻ ነው። አልበሙን ገና አልሰማሁትም፣ ስሰማው እመለሳለሁ ብሏል፤ አልተመለሰም።

መልስ 2 አንዲት መስመር ናት። ሸክላው በደቂቃ 45 ዙር ነው ወይስ 33? ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ይህን መልስ ያዙልኝ።

ባለ 3 ፍርዱን ይዞ ነው የመጣው። ዳግም እትም የሚባል ነገር ሁሉ ከሲዲ የተገለበጠ ነው፣ ቅጂ ሁሉ የሚነሳበትን ዋናውን ማስተር ቴፕ ከመጋዘን የሚያወጣው የለም፣ ስለዚህ ጠያቂው የገዛው በሸክላ ላይ የተጻፈ ሲዲ ነው ይላል። ማስረጃ አላቀረበም። ግን አጻጻፉ እርግጠኛ ስለሆነ ሲያነቡት ያሳምናል። ልክድ አልችልም፣ እኔም እስከ 19ኛው መልስ ድረስ ከሱ ጋር ነበርኩ።

መልስ 4 በዚያው ላይ ደረበበት። ሸክላው ስንት ግራም ነው? 180 ካልሆነ ቤዝ አይሸከምም አለ። ባለ 5 ወዲያው አረመው፣ ያውም በጨዋ ደንብ። የሸክላው ውፍረት ከድምፁ ቦይ ጋር አይገናኝም። መርፌው የሚሄድበት ቦይ ጥልቀቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው። ከሥሩ ስንት ግራም ፕላስቲክ እንዳለ መርፌው የሚያውቀው ነገር የለም። ከባድ ሸክላ እጅ ላይ ደስ ይላል፣ ምናልባት ቶሎ አይጣመምም፤ ያ ነው ጥቅሙ። ባለ 4 አመስግኖ ተቀመጠ።

ባለ 6 የታሪክ ሰው ነው። መቼም እንዲህ ያለ ሰው ከየትም አይጠፋም፤ ጥያቄው ሌላ፣ እሱ የሚመልሰው ሌላ። ግን ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው። ዘፋኙ ጆን ላይደን በጃንዋሪ 1978 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሴክስ ፒስትልስ ከተባለው የፓንክ ባንዱ እንደተለያየ ወደ ጃማይካ ሄደ። ቨርጂን የተባለው የሸክላ ኩባንያ የሬጌ ዘፋኞችን ሲመለምል አብሮ እንዲያይለት ነው የወሰደው። ሲመለስ ለንደን ላይ አዲስ ባንድ፣ ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድን አቋቋመ። ቤዙን ለጃ ዎብል ሰጠው፤ ዎብል የድሮ ጓደኛው ነው፣ ቤዝ መጫወት ገና መጀመሩ ነበር፣ ጆሮው ግን በጃማይካ ደብ፣ ቤዝና ድራም በሚያይልበት የሬጌ ዓይነት የተሞላ ነው። ጊታሩን ኪዝ ሌቪን ያዘ። ሁለተኛው አልበማቸው ሜታል ቦክስ ኖቬምበር 1979 ላይ ወጣ። 12 ኢንች የሆኑ ሦስት ሸክላዎች፣ ሁሉም በ45 ዙር፣ 16 ሚሊሜትር ፊልም በሚቀመጥበት ዓይነት ክብ ቆርቆሮ ውስጥ። ካርቶን ሽፋን የለም፤ ክዳኑ ላይ የባንዱ ምልክት ተቀርጾበታል። በዚህ መልክ የወጣው 50,000 ቅጂ ነው አለ።

መልስ 7 አስተካከለው፤ 60,000 ነው። የቆርቆሮው ሐሳብም የፎቶ አንሺው የዴኒስ ሞሪስ ነው፣ እሱም ከላይደን ጋር ጃማይካ የሄደ ሰው ነው ብሎ ጨመረ። ወጪው ከብዶት ኩባንያው ለባንዱ ከከፈለው ቅድሚያ አንድ ሦስተኛውን መልሱልኝ ማለቱንም አነሳ። በኋላ በ1980 ያው አልበም ሁለት ሸክላ ሆኖ፣ በካርቶን ሽፋን፣ በ33 ዙር፣ ሁለተኛ እትም በሚል ስም ወጣ። ጠያቂው የገዛው የዚያን ልጅ ነው።

ልብ በሉ፤ ባለ 7 ይህን ሲጽፍ ለመልስ 2 ጥያቄ ግማሽ መልስ ሰጥቷል። እሱም አላወቀም፣ ሌላውም አላየም።

ከ8 እስከ 12 ወሬው በሙሉ ቆርቆሮው ሆነ። ባለ 8 የመጀመሪያውን እትም ከዘመድ ወርሷል። ቆርቆሮው ከሸክላዎቹ በጣም ጥቂት ነው የሚሰፋው፣ ጣት ማስገቢያ የለውም። ሸክላዎቹ ኪስ የላቸውም፤ በመካከላቸው ክብ ወረቀት ብቻ አለ። መጀመሪያ በጥፍሩ ሞከረ። ቀጥሎ በማንኪያ እጀታ። በመጨረሻ ፍራሽ ላይ ገልብጦ ጀርባውን መታው። ሁለቱ ከነወረቀታቸው ወጡ። ሦስተኛው በጎኑ ተንሸራትቶ ወጣ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ተፋጭቶ። ያ ጭረት ዛሬም በየዙሩ ቋ ይላል፤ ባለ 8 አሁን ከዘፈኑ ጋር ለምዶታል።

ባለ 9 ቆርቆሮውን ባዶውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሸክላዎቹን ተራ የወረቀት ኪስ ውስጥ ነው የሚያኖራቸው። ባለ 10 ዝገትን አነሳ፤ እርጥበት ያለበት ቤት ውስጥ ክዳኑ ከታችኛው ጋር ይጣበቃል አለ። ባለ 11 ደግሞ ከቆርቆሮው በፊት ባንዱ ሽፋኑን በአሸዋ ወረቀት ለመሥራት አስቦ እንደነበር ነገረን፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሸክላ ሽፋን ሁሉ እንዲቦጭር። ባለ 12 ሐሳቡ እንዳልቀረ ጨመረ፤ በ1980 ዱሩቲ ኮለም የተባለው የማንቸስተር ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በዚያ መልክ አወጣ። ከዚያ በፊትም በ1959 አንድ መጽሐፍ በአሸዋ ወረቀት ተሸፍኖ ነበር። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። የጠያቂው ቤዝ ግን ገና አልተገኘም።

መልስ 13 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ሁሉንም አመስግኖ አዲስ ማስረጃ አመጣ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ መሀል ላይ ድንገት ይወፍራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሳሳል። ይሄ የኅትመቱ ጉድለት ካልሆነ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። እስከ 13 ድረስ ሁሉም እርስዎ እየተባባሉ ነበር። ባለ 14 ሲገባ አንቱታው ቀረ። ያ ዘፈን የተሠራው እንደዚያ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሚክሶች (የአንዱ ዘፈን የድምፅ ቅንብሮች) ናቸው የተቀጣጠሉት፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። ሆን ተብሎ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ኅትመት ጥራት ባያወራ ይሻለዋል፣ ጆሮህን ስልክ አበላሽቶታል አለ። ባለ 15 አግዞት መጣ፣ ይባስ ብሎ። የቆርቆሮውን አሁን ገዝተህ ብታበላሸው ለሚገባው ሰው ኪሳራ ነው አለ። ባለ 16 ቀለደ፤ ቤዝ የሌለው የእነሱን አልበም ከፈለግህ የ1981ዱን መግዛት ነበረብህ። ቀልዱ ለገባው ጥሩ ነው። ዎብል በ1980 ባንዱን ለቅቆ ነበር፣ የሚተካውም አላመጡም፤ ያ አልበም በእርግጥ ቤዝ የለውም ማለት ይቻላል፣ ድራምና ጩኸት ነው።

ጠያቂው አልሳቀም። መልስ 17 ሁለት መስመር ነው፤ እርዳታ ፈልጌ እንጂ ፈተና ልወስድ አልመጣሁም። ባለ 18 ሊያስታርቅ ገባ። ባለ 14 ስለ ዘፈኑ ያለው እውነት ነው፣ አነጋገሩ ግን አይደለም አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለኝም።

መልስ 19 የዚህ ሁሉ ሙግት ወገብ ነው። ጸሐፊው ሸክላ እንዴት እንደሚቀረጽ በእጁ የነካ ሰው ይመስላል። ረጅም ነው፤ ዋና ዋናውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

ቤዝ ቦታ ይበላል። ወፍራም ድምፅ ሲቀረጽ ቦዩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሰፊ እየሆነ ይወዛወዛል። እንዳለ ቢቀረጽ አጠገቡ ያለውን ቦይ ይገባበታል፣ መርፌውም ይዘላል። ስለዚህ ሲቀረጽ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። ስንሰማ ደግሞ ፎኖ የሚባለው የማጉያው ክፍል ያንን ገልብጦ ይመልሰዋል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ በጣም ወፍራሙ ድምፅ 20 ሄርዝ አካባቢ ወደ 20 ዴሲቤል ይነሳል። ፎኖ ሳይኖር ሸክላ ብትሰማ ልክ ጠያቂው እንዳለው ነው የሚሆነው፤ ጠሽ ጠሽ፣ ከሥር ባዶ።

ከዚያ ወደ ቦታው ጉዳይ ይሄዳል። አልበሙ 60 ደቂቃ ገደማ ነው። የቆርቆሮው እትም ስድስት ገጽ ስላለው ለአንዱ ገጽ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። የመጀመሪያው ዘፈን ብቻውን ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሆነ አንድ ገጽ ለራሱ ይዟል። ሁለተኛው እትም አራት ገጽ ነው፤ ለአንዱ 15 ደቂቃ። ፍጥነቱም አለ። በ45 ዙር መርፌው ከሸክላው ዳር ላይ በሰከንድ ወደ 69 ሳንቲሜትር ይጓዛል፣ በ33 ደግሞ 51። ወደ መሀል ሲጠጋ 28ና 21 ይሆናል። ድምፁ በሰፊ መንገድ ላይ ሲጻፍ ቀጭን ቀጭኑ ነገር ሳይጨፈለቅ ይቀመጣል። ባንዱ በ45 ያሳተመው ለጌጥ አይደለም፤ የጃማይካ ደብ በ12 ኢንች ሸክላ ሲወጣ ለቤዙ ብዙ ቦታ እንደሚሰጠው ያውቁ ነበር።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ጥፋተኛው ሁለተኛው እትም ነው ብሎ ይደመድማል። ባለ 19 ግን እዚያው ላይ ይገለብጠዋል። ለ33 ዙር 15 ደቂቃ ጥበት አይደለም። 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ የያዙ ገጾች ሞልተዋል፣ ቤዛቸውም ይሰማል። የፍጥነቱ ጥቅም የበለጠ ለቀጭኑ ድምፅ ነው እንጂ ለወፍራሙ አይደለም። ከቆርቆሮው ወደ ካርቶኑ ሲመጣ ትንሽ ክብደት ይቀንስ ይሆናል፤ ጭራሽ ይጠፋል ማለት ግን አይሆንም። ስለዚህ ጠያቂው ፎኖውን ይፈትሽ አለ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ከባለ 3 የከዳሁት።

መልስ 20 የጠያቂው ነው። ፎኖ ማጫወቻው ውስጥ አለ፣ ማብሪያውም በትክክሉ ላይ ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ አላነሰም። ቤዙ ብቻ ነው የሌለው።

ቀጥሎ ባለ 3ና ባለ 19 ስለ ማስተር ቴፕ ተያያዙ። ባለ 3 በ2022 የወጣውን ጉድ አነሳ። አንድ የአሜሪካ ድርጅት ያለ ምንም ዲጂታል ከቴፕ ወደ ሸክላ የተቀረጹ ናቸው እየተባሉ በውድ ይሸጡ የነበሩ ዳግም እትሞቹ መሀል ላይ የዲጂታል ደረጃ እንዳላቸው ያን ዓመት ይፋ ወጥቶበት ነበር። ታዲያ አላልኳችሁም አለ ባለ 3። ባለ 19 የመለሰለት ግን በጣም ነው ያሳቀኝ። ጆሯችን ዲጂታልን ከሩቅ ይለያል ሲሉ የኖሩ ሰዎች እነዚያን ሸክላዎች ለዓመታት ሲያወድሱ ማንም ዲጂታል ነው ያለ አልነበረም። ታሪኩ ለአንተ ሳይሆን በአንተ ላይ የሚመሰክር ነው አለው። ባለ 3 ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

መልስ 24 ከሰማይ የወረደ ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቃጠለውን ፋብሪካ አነሳ፤ ድምፅ መጀመሪያ የሚቀረጽበትን ላከር የተቀባ ሳህን ይሠሩ ከነበሩት በዓለም ላይ ሁለት ዋና ፋብሪካዎች አንዱን። የቀረው ጃፓን ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ ጥራት ወርዷል ለማለት ፈልጎ ይመስለኛል፤ አልጨረሰውም። ባለ 25 ደግሞ ስለ ቅደም ተከተል ጻፈ። በሁለተኛው እትም የዘፈኖቹ ተራ ተቀይሯል፤ ቆርቆሮው ላይ ግን ተራ የሚባል ነገር እምብዛም ነው፣ ሦስቱ ሸክላዎች ከየትኛውም ሊጀመሩ ይችላሉ። በ2016 የወጣውን አራት ሸክላ የያዘ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ እሱ አለው፤ ማውጣቱ ይቀላል ብሏል። የቆርቆሮ ሰዎች እዚህ ጋር ሊነሱ ሲሉ መልስ 26 አስቆማቸው።

ባለ 26 ስለ ሌቪን ነው የጻፈው። ኖቬምበር 2022 እንደሞተ አስታወሰ። የአሉሚኒየም ጊታር ይጫወት ነበር፣ ድምፁም ብረት ብረት ይል ነበር። እናንተ ሁላችሁ ስለ ቤዝ ትጮኻላችሁ፣ እኔ ግን ያንን ጊታር ነው የምሰማው አለ። ለአንድ ቀን ማንም ምንም አልጻፈም።

በማግስቱ ባለ 27 ገባች። እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች። ስልክህ ላይ ያለውን ፋይል በዚያው አምፕሊፋየር፣ በዚያው ስፒከር ሰምተኸው ታውቃለህ? በጆሮ ማዳመጫ የሰማኸውን ከስፒከር ጋር ነው እያወዳደርክ ያለኸው።

መልስ 28 ጥሩ ነጥብ ነው ወንድሜ አላት። መልስ 29 የሷ ነው፤ እህትህ ነኝ፣ ነጥቡ ግን ያው ነው።

መልስ 30 ላይ ጠያቂው ደነገጠ። ሞክሯል። ፋይሉም ቤዝ የለውም።

እስቲ አስቡት። 29 መልስ፣ አንድ የታሪክ ትምህርት፣ አንድ የፊዚክስ ትምህርት፣ ሁለት ስድብ። ሸክላው ምንም አላጠፋም። ባለ 27 ስፒከሮቹን ከኋላ እንዲያይ ነገረችው። በሁለቱም ስፒከር ቀዩ ገመድ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ነው? ባለ 19 በመልስ 32 ራሱን ወቀሰ፤ ከፎኖው በፊት ይህን መጠየቅ ነበረብኝ አለ። ምክንያቱንም በአጭሩ አስረዳ። የአንዱ ስፒከር ገመድ ከተገለበጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቤዝ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ስፒከር እኩል ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አየር ላይ ይጣፋል። የ50 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ማዕበል ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ተራ ክፍል ውስጥ የትም ብትቀመጥ ከመጣፋቱ አታመልጥም። ቀጭኑ ድምፅ ማዕበሉ አጭር ስለሆነ እዚህ ቢጠፋ እዚያ ይተርፋል። ለዚህ ነው ጊታሩና ጩኸቱ የቀሩት። በጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ይህ ችግር አይመጣም፣ የስፒከሩ ገመድ መሀል ላይ የለማ።

መልስ 33። የግራው ስፒከር ገመድ ተገልብጧል። ጠያቂው ማጫወቻውን ሲያስገባ ጠረጴዛውን ስቦ ነበር፣ ገመዱ ተነቅሎ በጨለማ መልሶ ሰክቶታል። ይቅርታ ጠየቀ፣ ለሸክላውም ጭምር።

ባለ 34 አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ብሎ ተረተበት። ባለ 14 ተመልሶ መጣ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ሸክላው ደህና እንደሆነ ከመጀመሪያውም ተናግሬ ነበር አለ። ወደ ላይ ሄጄ አነበብኩት። አልተናገረም። ባለ 15 እስካሁን የለም። ባለ 3 ግን በመልስ 37 ብቅ ብሎ ቤዙ ቢመለስም ሸክላው ከሲዲ የተገለበጠ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም አለ። ማንም አልመለሰለትም። እንዲህ ያለ ጽናት በሌላ ነገር ላይ ቢውል ኖሮ እላለሁ።

መልስ 38 የደስታ ነው። ጠያቂው የመጀመሪያውን ገጽ ሦስት ጊዜ ሰምቶታል። ቤዙ መጀመሪያ ከጆሮው ሳይሆን ከወንበሩ ነው የደረሰው። አንድ ዙር ይጫወትና ይደግመዋል፣ ይደግመዋል፤ ላይደን በላዩ ይንገላታል፣ ጊታሩ ዳር ዳሩን ይቧጭራል። በስልክ ስሰማ ቤዙ ከሙዚቃው ሥር ነበር፣ አሁን ሙዚቃው በቤዙ ውስጥ ነው አለ። ወረድ ብሎ ግን አዲስ ችግር ጻፈ። ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ያጓራል፣ መርፌውም ይዘላል። ባለ 27 ማጫወቻውን ከስፒከሩ ጠረጴዛ ላይ አንሳው አለችው፤ ስፒከሩ ጠረጴዛውን፣ ጠረጴዛው መርፌውን እያነቃነቀው ነው። መልስ 40 ተነሳ፣ ተስተካከለ የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ ጠያቂው አንድ ጨዋ ነገር አደረገ። ከላይ ጀምሮ ሁሉንም መልስ ሲያመሰግን ሁለተኛው ላይ ደረሰ። በመልስ 41 ይቅርታ ጠይቆ መለሰለት፤ ሸክላው 33 ነው። መልስ 42ም የሱ ነው፤ ለመሆኑ ለምን ጠየቅከኝ? የቤዙ ነገር ቀድሞ ገብቶህ ነበር እንዴ?

ባለ 2 ከስንት ቀን በኋላ መጣ። መልስ 43 ከመጀመሪያው መልሱ ብዙም አይረዝምም። ስለ ቤዙ ምንም አልገባውም ነበር። እሱ የቆርቆሮውን ገዝቶ ለሁለት ወር በ33 ዙር ሲሰማው ከርሟል። የመጀመሪያው ዘፈን ወደ 14 ደቂቃ ይሆን ነበር። የላይደን ድምፅ ወፍሮ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል፣ ቤዙ ደግሞ ከመሬት በታች ይሄዳል። ባንዱ እንደዚህ ስለሆነ ነው ሰው የሚያደንቀው ብሎ አስቦ ነበር። 45 መሆኑን ሲያውቅ አስተካክሎ ሰማው። ደህና ነው አለ። ማታ ማታ ግን አሁንም በ33 ነው የሚሰማው።